እድር ይሸጣል እንዴ?

ደብተሩ ባለ 50 ገጽ ነው። የኋላ ሽፋኑ ላይ የማባዣ ሰንጠረዥ አለው። ውስጡ በማስመሪያ አምስት ቦታ ተከፍሏል፦ ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ውጤት፣ አግቢ፣ ምርመራ። «ምርመራ» የሚለው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። አልፎ አልፎ «ዳኛው» ይላል። አንድ ገጽ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «አሳፋሪ» ተብሎ ተጽፏል። አጠገቡ ተጋጣሚም ውጤትም የለም።

የጋሼ ደብተር ነው። የተጻፈበት ሁሉ የአንድ የእንግሊዝ ክለብ ውጤት ነው። አርሰናል እንዳይመስላችሁ፣ ማንችስተርም አይደለም። ፖርትስማውዝ ነው። በኛ ሰፈር ከጋሼ ሌላ የፖርትስማውዝ ደጋፊ የለም፤ በአዲስ አበባም ቢፈለግ ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም። እኔ ራሴ የአርሰናል ነኝ። ግን ከአሥር ዓመት በላይ ውጤቱን ከስልኬ እያየሁ የማደርስላቸው እኔ ስለሆንኩ፣ ግማሽ ደጋፊ ነህ ብትሉኝ አልከራከርም።

ሰፈራችን ቃሊቲን አልፎ፣ ገላን ሳይደረስ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ በደጃችን ያልፋል። የፍጥነት መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ሌሊቱን ሙሉ ተሳቢ ሲያጓራ ነበር የምንተኛው። የእንግሊዝኛ ፊደል የቆጠርነው ኮንቴነር ላይ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። ባሕሩን ግን አናውቀውም። ሾፌሮቹ ከነሙቀታቸው ይመጣሉ፣ ረዳቶቹ ስለ ጅቡቲ ያወራሉ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ለኛ ወሬ ነው።

ለጋሼ ወሬ አልነበረም። የባሕር ኃይል ሰው ናቸው። ወጣትነታቸውን የጨረሱት ምጽዋ፣ መርከብ ሆድ ውስጥ፣ ሞተር ክፍል ነው። የካቲት 1982 ላይ ምጽዋ ስትያዝ የሆነውን አያወሩም፤ እኛም አንጠይቅም። በ1983 ሁሉም ነገር ሲያበቃ ወደዚህ መጡና ቃሊቲ አንድ ጋራዥ ገቡ። የመርከብ ሞተር የሚያውቅ ሰው የተሳቢ ሞተር አይከብደውም። አንድ ቀን ልዩነቱ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ተሳቢ ሲበላሽ ወርደህ ታየዋለህ» አሉኝ።

ፖርትስማውዝ የገባባቸው ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። ያ ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር። ኳስ የሚያሳየው ቤት ጄኔሬተር ነበረው፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ደስ ሲለው ይሠራል፣ ደስ ሲለው ያርፋል። ጋሼን የጠሯቸው እሱን እንዲያዩላቸው ነው። ኳስ ሊያዩ አልመጡም።

የኤፍ ኤ ካፕ፣ የእንግሊዝ ጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ነበር፤ ፖርትስማውዝ ከካርዲፍ ሲቲ፣ ዌምብሌይ ላይ። እኛ የአርሰናል ልጆች ቤቱን ሞልተነው ነበር። ምን አገባችሁ እንዳትሉ። የኛ የነበረው ካኑ አለ። የኛ የነበረው ሶል ካምቤል አምበል ነው። ላሳና ዲያራ ከኛ የሄደው በዚያው ዓመት ጥር ላይ ነው። የአርሰናል ሁለተኛ ቡድን እያልን ነበር የምናየው። ደግሞ ካኑና ኡታካ ናይጄሪያ፣ ሙንታሪ ጋና። አፍሪካዊ የበዛበት ቡድን እዚህ አገር ደጋፊ ለማግኘት ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም። በሩብ ፍጻሜው ማንችስተርን ኦልድ ትራፎርድ ላይ 1 ለ 0 ያሰናበተው የሙንታሪ ፍጹም ቅጣት ምት ነው። በረኛው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ ሪዮ ፈርዲናንድ ጓንት አጥልቆ በረኛ የሆነባት ቀን። የማንችስተር ደጋፊዎች ስታነሱባቸው ዛሬም ወሬ ይቀይራሉ።

37ኛው ደቂቃ ላይ ኡታካ ከቀኝ በኩል ላካት። የካርዲፍ በረኛ ያዛት ስንል አመለጠችው። ካኑ በዚያ ረጅም እግሩ ነካ አደረጋት። ቤቱ ተናወጠ። ጋሼ እጃቸው ዘይት እንደሆነ ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው?»

«ፖርትስማውዝ አገባ!»

«ፖርትስማውዝ? የባሕር ኃይሉ ወደብ?»

ማንም አልመለሰላቸውም። ኳስ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የለውም። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ጨዋታው 1 ለ 0 እስኪያልቅ አልተነሱም። ጄኔሬተሩም፣ ይገርማል፣ አንዴም አላረፈ።

ትክክል ነበሩ። ፖርትስማውዝ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከተማ ነው። አብዛኛው ከተማ የተቀመጠው ፖርትሲ በምትባል ደሴት ላይ ነው። የዝነኛው አድሚራል የኔልሰን መርከብ ቪክትሪ ዛሬም እዚያ አለች። ይህን ሁሉ ኋላ ላይ አንብቤ ስነግራቸው «አውቃለሁ» አሉኝ፤ ባሕር ኃይል ያለፈ ሰው ይህን ስም ሳይሰማ አይወጣም። የማያውቁት ኳሱን ብቻ ነበር። ኳሱን ቁራጭ በቁራጭ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ እሁድ እሁድ፣ ቡና እየተፈላ።

ክለቡ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው (ከዚህ ወዲያ «ዓ.ም.» ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)። አንድ የቢራ ፋብሪካ ባለቤት የመሯቸው ስድስት ነጋዴዎች ተሰብስበው የእርሻ መሬት በ4,950 ፓውንድ ገዙ። ፍራተን ፓርክ የተሠራው እዚያ ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ የሚጫወቱትም እዚያው። ከዚያ በፊት የከተማው ሰው የሚከተለው የመድፈኞች ቡድን ነበር። ሜዳቸው ከማዘጋጃ ቤቱ ትልቅ ሰዓት አጠገብ ስለነበር ዳኞቹም ጊዜ የሚቆጥሩት በደወሉ ነበር ይባላል። የፖርትስማውዝ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ የሚያሰሙት ዜማ የዚያ ሰዓት ደወል ነው።

«መድፈኞች?» አሉ ጋሼ። ቅር አላቸው። «ምድር ጦር ማለት ነው?»

ምድር ጦር ማለት ነው። ምን ላድርግ።

በጣም የወደዱት የ1939ን ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ፖርትስማውዝ በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ዎልቨርሃምፕተንን 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ጦርነቱ ጀመረ፣ ውድድሩም ቆመ። እስከ 1946 ድረስ ሌላ ፍጻሜ ስላልነበር ዋንጫው እነሱ ዘንድ ቀረ። ሰባት ዓመት! እስከ ዛሬ ያንን ዋንጫ በአንድ ጊዜ ያን ያህል የያዘ የለም። ወደብ ስለሆነች ከተማዋን የጀርመን አውሮፕላኖች ደጋግመው ደበደቧት፤ ባለ ደወሉ ማዘጋጃ ቤት ራሱ ጥር 1941 ላይ ተቃጥሏል።

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ዋንጫውን የት ደበቁት?»

ከተማው ሲቃጠል ዕቃ የት እንደሚገባ ያሰበ ሰው ጥያቄ ነው። እኔ ስንት ጊዜ አንብቤው አላሰብኩትም።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው ዘመን ወርቃማ ነው። በ1949 እና በ1950 ተከታትለው የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኑ። ፊልድ ማርሻል ሞንትጎመሪ የክለቡ ፕሬዚዳንት ነበሩ (እንደገና ምድር ጦር፤ ይህን ለጋሼ አልነገርኳቸውም)። ጂሚ ዲኪንሰን የሚባል ተጫዋች ከ1946 እስከ 1965 ለዚሁ አንድ ክለብ 764 የሊግ ጨዋታ ተጫወተ። ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን 48 ጊዜ ተሰለፈ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ጊዜ በዳኛ ስሙ አልተመዘገበም። ጋሼ ይህን ሰምተው ወደ ባለቤታቸው ዞሩና «እንዲህ ያለ ሰው ነው የሚታገባው» አሏቸው። እትዬ ከጀበናው ቀና ሳይሉ «ቀድመህ ብትነግረኝ ጥሩ ነበር» አሉ።

ከዚያ ቁልቁለት ነው፤ እስከ አራተኛው ዲቪዚዮን። ረጅምና አሰልቺ ስለሆነ እዘለዋለሁ። በ2003 አሰልጣኙ ሃሪ ሬድናፕ ይዟቸው ፕሪምየር ሊግ ገባ። በ2004 መጨረሻ ደግሞ ጥሎ ሳውዝሃምፕተን ገባ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ሳውዝሃምፕተን በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ በመኪና ከግማሽ ሰዓት ብዙ የማይርቅ፣ ሌላ ወደብ ነው። ያኛው የመንገደኛና የንግድ ወደብ፤ ታይታኒክ የተነሳችው ከዚያ ነው። ይሄኛው የጦር መርከብ ወደብ። ፍራተን ፓርክ ላይ የመጀመሪያውን ጨዋታ በ1899 የተጫወቱት ሁለቱ ናቸው፤ ጥላቻቸውም ዕድሜው የዚያኑ ያህል ነው። ከጊዮርጊስ ወደ ቡና እንደመሄድ በሉት። ሰውዬው ግን በዓመቱ ተመልሶ መጣ፣ እነሱም ተቀበሉት፣ ያንን የ2008 ዋንጫ ያመጣላቸውም እሱ ነው። ጋሼ ይህን ታሪክ አይወዱትም። ሳውዝሃምፕተንን ሲጠሩም በስሙ አይጠሩትም፤ «ሻንጣ ተሸካሚዎቹ» ነው የሚሉት። በአካል አንዱንም አላዩም እኮ!

ከዋንጫው በኋላ ኅዳር ላይ ኤሲ ሚላን ራሱ ፍራተን ፓርክ መጣ። ፖርትስማውዝ 2 ለ 0 መራ። ሮናልዲንሆ በቅጣት ምት አንዷን መለሰ፣ ኢንዛጊ በጭማሪ ሰዓት ሁለተኛዋን። 2 ለ 2። ያን ቀን ከጋሼ ጋር ነበርኩ። የጣራው ጫፍ ያ እንደሆነ ሁለታችንም አልገባንም።

ገንዘቡ የተበደሩት ነበር። ሜዳቸው 20 ሺህ ሰው ገደማ የሚይዝ ክለብ የትልልቆቹን ደሞዝ እየከፈለ ነበር። ባለቤቱ ገንዘቡ ሲነጥፍ ሸጠ፤ የገዛውም ሸጠ። በ2009/10 የውድድር ዓመት ብቻ አራት ባለቤት ተፈራረቀ። ደሞዝ ዘገየ። የካቲት 2010 ላይ ክለቡ ዕዳው አቅቶት በሕግ ሞግዚት ሥር ገባ፤ በፕሪምየር ሊግ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። 9 ነጥብ ተቀነሰበት፣ ወረደ። በዚያው ዓመት እንደገና የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ በቼልሲ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ደሞዝ ያልተከፈለው ቡድን!

ዕዳው ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። እኔን ግን የነካኝ ትልቁ ቁጥር አልነበረም። ክለቡ ዕዳ ያለበት ሰው ሁሉ ዝርዝር ሲወጣ የሰፈር ስካውት ልጆችና ሜዳ ላይ የወደቀ የሚያነሱት በጎ ፈቃደኞች ሳይቀሩ ነበሩበት። በኳሱ ደንብ ደግሞ ቀድሞ የሚከፈለው ለተጫዋቾችና ለሌሎች ክለቦች ነው። ስካውቱ ወረፋ ይጠብቃል።

እኛም ሰፈር አንድ ቡድን ነበረን። ማሊያ የሚያሰፋልን ሰው ተገኝቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ዋንጫ ተበልቶ፣ ሰውዬው ጠፋ። ልብስ ሰፊው አሁንም ሲያየኝ «እህ፣ ቡድኑስ?» ይለኛል። ፓውንድና ብር ቁጥሩ ነው የሚለየው።

ፖርትስማውዝ በ2012 እንደገና ሞግዚት ሥር ገባ፣ እንደገና ወረደ። በ2013 ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ ወረደ። በአራት የውድድር ዓመት ከፕሪምየር ሊግ አራተኛው እርከን ደረሰ። እዚያ ያለ ጨዋታ በኛ ሰፈር ዲሽ አይታይም፣ ሬዲዮም ውጤቱን አይናገርም። ደብተሩ የተጀመረው ያኔ ነው። ጋሼ አንድ ቅዳሜ በራችንን አንኳኩተው «አንተ ልጅ፣ ያ ስልክህ ሁሉንም ያውቃል አይደል?» አሉኝ። ያውቃል። ከዚያ ወዲህ እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳልገባ ካለፍኩ እትዬ ይቆጣሉ፤ «ሰውዬው እስክሪብቶ ይዞ ነው የተቀመጠው»።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

በሚያዝያ 2013 ክለቡ ሊፈርስ ጫፍ ላይ ሲደርስ የገዙት ደጋፊዎቹ ናቸው። አንድ ድርሻ 1 ሺህ ፓውንድ። ከ2 ሺህ በላይ ሰው አዋጣ። ሙሉውን ለብቻው የማይችለው ከጓደኞቹ ጋር ተሰባስቦ አንድ ድርሻ ገዛ። በእንግሊዝ በደጋፊዎቹ እጅ ካሉ ክለቦች ትልቁ ሆነ። በዓመት ተኩል ውስጥ ከዕዳ ነጻ ነኝ አለ። በአራተኛው እርከን እየተጫወተ፣ የመጀመሪያው ዓመት ላይ በአማካይ ከ15 ሺህ በላይ ሰው ይገባለት ነበር።

ስነግራቸው ጋሼ ሳቁ። «እድር ነው በለኛ!»

እድር ነው። የመርከብ ጥገናው ሠራተኛ፣ አስተማሪው፣ ጡረተኛው እያዋጡ፣ ሊሞት የደረሰውን አንስተዋል። ልዩነቱ እኛ የምናዋጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ጋሼ የሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ ነበሩ፣ ስለዚህ ጥያቄያቸው አያልቅም። ያላዋጣ ሰው ይቀጣል? ጸሐፊው ማን ነው? ድንኳኑስ የት ይቀመጣል? «ድንኳኑ ፍራተን ፓርክ ነው» አልኳቸው። ተስማማቸው።

የኛን አገር ክለቦችም እናነሳ ነበር። ሙገር ሲሚንቶ፣ ጉና፣ ኒያላ፣ ትራንስ ኢትዮጵያ። ስማቸውን በሬዲዮ እየሰማን አድገናል፤ ዛሬ ፕሪምየር ሊጉ ላይ የሉም። የመሥሪያ ቤት ቡድን መሥሪያ ቤቱ እስከፈለገው ነው። ደጋፊው ትኬት ቆርጦ ይገባል እንጂ ድንኳኑ የሱ አይደለም።

ከዚያ 2017 መጣ። ሚያዝያ 28 ቀን 2009 ዓ.ም. በእኛ፣ የውድድሩ የመጨረሻ ቀን። ፖርትስማውዝ ቼልተንሃምን 6 ለ 1 አሸነፈና በግብ ልዩነት ብቻ የሊግ ቱ፣ የአራተኛው እርከን፣ ሻምፒዮን ሆነ። ጋሼ የስድስቱንም ጎል አግቢ አስጽፈውኛል፤ ያን ቀን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር የጻፍኩት እኔ ነኝ። የደብተሩ በጣም ቆንጆ ገጽ እሱ ነው።

ቀጥሎ ያለው ገጽ በቀይ የተጻፈበት ነው።

በዚያው ወር ባለድርሻዎቹ ድምፅ ሰጡ። የዋልት ዲዝኒ የቀድሞ አለቃ ማይክል አይስነር ክለቡን ልግዛ ብሎ መጥቶ ነበር። 5.67 ሚሊዮን ፓውንድ ለግዢ፣ 10 ሚሊዮን ደግሞ ክለቡ ላይ ላፈስ አለ። 80 በመቶ ገደማ ሰው ይሸጥ አለ። ነሐሴ ላይ ተሸጠ።

«ሸጡት?» አሉ ጋሼ።

«ሸጡት።»

«እድር ይሸጣል እንዴ?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ። ፍራተን ፓርክ አርጅቷል፣ ጥገናው ብዙ ሚሊዮን ይፈልጋል፣ በመዋጮ ከሦስተኛው እርከን በላይ መውጣት ከባድ ነው አልኳቸው። ከዚህ በፊት ያከሰሯቸው ባለቤቶች ያለ ፈቃዳቸው የመጡ ናቸው፤ ይሄኛውን ራሳቸው ጠይቀውት፣ ተከራክረውበት፣ ድምፅ ሰጥተውበት ነው የተቀበሉት አልኳቸው። ዛሬም የማምነው ይህንን ነው። ቤቱን ከእሳት ያወጣ ሰው ለማን እንደሚያከራየው የመወሰን መብት አለው። ሀያ በመቶዎቹ ግን ሌሊት ሌሊት ትዝ ይሉኛል። ጋሼ ከነሱ ናቸው። አንድ ሳንቲም አላዋጡም፣ ድምፅ ግን ሰጥተዋል፤ በቀይ እስክሪብቶ።

ሦስት ሳምንት ውጤት አልጠየቁኝም። አራተኛው እሁድ ላይ እትዬ ቡና እየቀዱ «ያ የባሕር ቡድን እንዴት ሆነ?» አሉ፤ እሳቸው ኳስ ጠይቀው አያውቁም። ጋሼ ወደ መስኮቱ እያዩ ነበር። ነገርኩ። ትንሽ ቆይተው ተነሱ፣ ደብተሩን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረዱ፣ ያመለጡትን ሦስቱንም አስነገሩኝ።

የመጨረሻው ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፣ ማክሰኞ ማታ። ፖርትስማውዝ ከባርንስሊ። ካሸነፈ የሊግ ዋን፣ የሦስተኛው እርከን፣ ሻምፒዮን ሆኖ ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ቻምፒዮንሺፕ ይመለሳል፣ ከ12 ዓመት በኋላ። አልጋ ላይ ሆኜ ስልኬን እያየሁ ነበር። 2 ለ 1 ተመሩ። ሊያልቅ ሲል አቻ ሆኑ። 89ኛው ደቂቃ ላይ ተከላካያቸው ኮነር ሾነሲ በጭንቅላቱ አገባ። 3 ለ 2። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። የጋሼ መስኮት ጨለማ ነው፣ ሰው አይቀሰቀስም።

ጠዋት ዳቦ ይዤ ገባሁ። ጋሼ ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ፊቴን አይተው ደብተሩን አስመጡ።

«ስንት?»

«3 ለ 2።»

ጻፉ። «የመጨረሻውን ማን?»

«ተከላካዩ።»

«ተከላካይ!» እስክሪብቶውን አነሱና ወደ መንገዱ አዩ። አንድ ተሳቢ ኮንቴነር ጭኖ እያቃሰተ ዳገቱን ይወጣ ነበር። እስኪያልፍ ጠበቁ። «ባለቤቱ ያው ፈረንጅ ነው?»

«ያው ነው።»

«ደሞዝ ይከፍላል?»

«ይከፍላል።»

ምርመራ የሚለው ቦታ ላይ እስክሪብቶውን ትንሽ ያዝ አደረጉት። ከዚያ ከደኑና ዳቦው ትኩስ እንደሆነ ጠየቁኝ።